በጅማ የተማሪዎች የመቻቻልና የውይይት ፕሮግራም አስተባባሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የአንዱን ዶርም በር ብታንኳኩ የደምቢዶሎው፣ የደብረ ማርቆሱ፣ የጅግጅጋውና የዳውሮው ልጅ አንድ ክፍል ሲጋሩ ታገኛላችሁ። ተመራርጠው አይደለም፤ ምደባ ነው ያገናኛቸው። ትልቅ ዕድል ነው፤ ግን አንድ ጣሪያ ሥር ማደር ብቻውን መግባባትን አይወልድም። ይህን ዕድል ለመጠቀም የሚደክሙ የክበብ መሪዎች፣ የተማሪዎች ኅብረት አባላትና መምህራን ጥቂት አይደሉም። ድካማቸው ፍሬ ሲያጣ የማየው አለመግባባቱ በሥርዓት እንዲነገር ከማድረግ ይልቅ ጭራሽ እንዳይሰማ ሲያደርጉት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ፕሮግራሙን የአንድ ቀን በዓል ማድረግ

ኅዳር 7 ዓለም አቀፍ የመቻቻል ቀን ነው፤ ኅዳር 29 ደግሞ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን። በእነዚህ ሳምንታት ግቢው በባህል ልብስ፣ በጭፈራና በንግግር ይደምቃል። በዓሉ ደስ ይላል፤ አስፈላጊም ነው። ስህተቱ አስተባባሪው የዓመቱ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ ብሎ ሲያስብ ነው። ጭፈራ የአንዱን ባህል ለሌላው ያሳያል እንጂ አጠገቡ የሚተኛውን ልጅ ለምን እንደሚጠራጠረው አያስጠይቀውም።

ለዚያ የሚያስፈልገው ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ ተማሪዎች ሳይቀያየሩ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በየሳምንቱ የሚገናኙበት ቡድን ነው። ሃሮልድ ሳውንደርስ የተባሉት አሜሪካዊ ዲፕሎማት በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ዜጎች መካከል ከተደረጉ ውይይቶች ተምረው ያዋቀሩት ዘዴ በአምስት ደረጃ የሚሄድ ነው፦ ለመነጋገር መወሰን፣ በመካከል ያለውን ችግር መዘርዘር፣ ሥሩን መመርመር፣ መውጫ ማሰብ፣ በመጨረሻም አብሮ መሥራት። ይህ አካሄድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከልም ተሞክሯል። ከአምስቱ አንዱም እንኳ በአንድ ከሰዓት በኋላ አያልቅም። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ቡድኑ ይከብዳል፤ የሚቀሩ ይበዛሉ። ያን ጊዜ ነው አስተባባሪ የሚፈለገው።

ተማሪን የብሔሩ ቃል አቀባይ ማድረግ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አስተባባሪው ሚዛን ለመጠበቅ ሲል ስም ዝርዝር ያወጣል፤ ከኦሮሞ ይህን ያህል፣ ከአማራ ይህን ያህል፣ ከሶማሌ አንድ፣ ከየም አንድ። ቡድኑ ድብልቅ መሆኑ ትክክል ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው «እስቲ አንተ ደግሞ በእናንተ በኩል ምን ትላላችሁ?» ሲባል ነው። የ19 ዓመት ልጅ ከሚሊዮኖች ተወክሎ እንዲናገር ሲጠየቅ የራሱን ሐሳብ መናገር ያቆማል። ጓደኞቹ «አሳልፎ ሰጠን» እንዳይሉት ከሚያምንበት በላይ ይጠነክራል ወይም ፈጽሞ ዝም ይላል። ሁለቱም ውይይቱን ይገድሉታል።

ጥያቄው ወደ ሕይወቱ ይመለስ። «እዚህ ግቢ ከመጣህ ጀምሮ ባይተዋርነት የተሰማህ መቼ ነው?» «ቤት ውስጥ ስለ እኛ ምን ሲባል ሰምተሽ አደግሽ?» እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመልሰው ሰው ስለ ራሱ ይናገራል፤ የራሱን ታሪክ ደግሞ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ስለዚህ የሰሚውም ጆሮ ይከፈታል።

አብሮት የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ ቀድሞውንም የሚስማሙትን ብቻ መጋበዝ። የሰላም ክበብ አባላትንና ውጤታቸው ከፍ ያሉትን ሰብስቦ መቻቻልን ማስተማር ቀላል ነው። በግቢው ውስጥ ተሰሚነት ያላቸው ግን ግቢ ጉባኤውን፣ ጀመዓውንና ፌሎሺፑን (የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ተማሪዎችን ስብስቦች) የሚመሩ፣ የየአካባቢውን ተወላጆች የሚያሰባስቡ፣ የዶርም ቴሌግራም ግሩፖችን የሚያስተዳድሩ ተማሪዎች ናቸው። እነሱን ፖስተር አይጠራቸውም። ሄዳችሁ፣ ቡና ጋብዛችሁ፣ ስለ ምን እንደሆነ በግልጽ ነግራችሁ አምጧቸው።

ቋንቋውን እንደ ቀላል ነገር ማየት

ጅማ ላይ ከግቢ ስትወጡ ገበያው፣ ባጃጁና ሻይ ቤቱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሠራል። ግቢ ውስጥ ግን ውይይቱ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ብቻ ወይም በእንግሊዝኛ ይካሄዳል። በአማርኛ ብቻ ሲሆን አማርኛ አፉን የፈታበት ተማሪ ሐሳቡን አሳምሮ ያቀርባል፤ ሌላው ቃል እየፈለገ ይንተባተባል፤ ያልተዘጋጀም ይመስላል። እንግሊዝኛው ደግሞ ለፈተና እንጂ ለቁስል አይሆንም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሰው በሚቀናው ቋንቋ ይናገር፤ ከቡድኑ ሁለቱንም የሚችል ተማሪ በየተራ ያስተርጉም። ውይይቱ ይንቀራፈፋል፤ መንቀራፈፉ ጥሩ ነው። ትርጉም እስኪደርሰው የሚጠብቅ ሰው ቶሎ አይቆጣም፤ የተባለውንም ሁለት ጊዜ ይሰማዋል።

ማይኩን ለባለሥልጣን መስጠት

ውጤት የሚሰጥ መምህር ወይም ቅጣት የሚወስን ኃላፊ ሲያወያይ ተማሪው የሚናገረው የሚፈለገውን ነው። ኃላፊዎች ይክፈቱ፣ ይባርኩ፣ ከዚያ ይውጡ። የሚያወያዩት ሠልጥነው የተዘጋጁ ሁለት ተማሪዎች ይሁኑ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ ከተለያየ አካባቢ። ሥልጠናው ስለ ሰላም ዋጋ የሚደረግ ሌክቸር አይሁን። ቃል የሚሻማን ማስቆም፣ ዝም ያለችውን ሳያሳቅቁ መጋበዝ፣ የተባለውን በድጋሚ ተናግሮ ማጣራት፣ የጋለ ክፍልን ለአምስት ደቂቃ ማሳረፍ ይለማመዱ።

የፖለቲካ ድርጅት ቅስቀሳም እዚያው ደጃፍ ላይ ይቅር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖና ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነጻ ይሁን ይላል። ተማሪው ስለ ፖለቲካ ሊናገር ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግን የማንም መድረክ ሊሆን አይገባም።

ውይይትንና ክርክርን መቀላቀልም እዚህ ይነሣል። ክርክር ጥሩ ልምምድ ነው፤ ዳኛና አሸናፊ አለው። ውይይት ውስጥ አሸናፊ ካለ የተሸነፈው በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም።

ከእሳቱ መሐል መጀመር

በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ስለ ምኒልክ ዘመን ወይም ስለ አዲስ አበባ ባለቤትነት የሚያነሣ አስተባባሪ ሁለተኛ ሳምንት አያገኝም። በሌላ በኩል እነዚህን ጭራሽ የማያነሣ ፕሮግራም ተማሪው የሚያስበውን ስለማይነካ ይናቃል። ከዶርም ጀምሩ፦ መብራት ስንት ሰዓት ይጥፋ? ለሱብሂ ወይም ለኪዳን ጸሎት የሚነሣው ልጅ አላርም ሌላውን ሲቀሰቅስ ምን ይደረግ? በጾም ቀን ሥጋ ክፍል ውስጥ ይበላ? ሙዚቃውስ? እነዚህ ጥያቄዎች ትንሽ ይመስላሉ፤ የመከባበርና የመብት ጥያቄ ሁሉ ግን እዚያው ውስጥ አለ። ሰው በእነሱ ላይ መስማማትና ሳይስማሙ መኖርን ከተለማመደ በኋላ ስለ ታሪክ ሲነጋገር ቢያንስ ወንበሩን ጥሎ አይወጣም።

ሰዓትና ምግብ

አጭር ነው፤ ግን ብዙ ፕሮግራም ያበላሻል። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ወይም እሑድ ጠዋት አትጥሩ። ቅዳሜን የሚያከብሩ አባላት ካሉ ጠይቁ። ማታ አምሽቶ የሚያልቅ ስብሰባ ሴቶችን ያስቀራል። ዋናው ግቢ ብቻ ከተሰበሰባችሁ የኪቶ ፉርዲሳ ግቢና የግብርና ኮሌጅ ተማሪዎች ይቀራሉ፤ አዘዋውሩት። በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመዋል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሻይና ብስኩት ማዞር ማንንም አያስደስትም። ይልቅ የጾም ምግብ አዘጋጅታችሁ ኢፍጣርን አብራችሁ ብትፈቱ ሁለቱም ወገን ከአንድ ገበታ ይቆርሳል።

ወሬ ከተነዛ በኋላ መሯሯጥ

በ2003 ዓ.ም. በጅማ ዞን አሰንዳቦና አካባቢው ቁርኣን ተዋርዷል በሚል ወሬ በርካታ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ሺዎች ተፈናቅለዋል። ያን ጊዜ ቴሌግራም አልነበረም። ዛሬ ስክሪንሾት ከዶርም ወደ ዶርም በደቂቃዎች ይደርሳል። ስለዚህ ቡድኑ ገና ሰላም ሳለ ይስማማ፦ የሚያስደነግጥ ወሬ የደረሰው ሰው ሳያስተላልፍ ለማን ይደውላል? ከየዶርሙ ማን ያጣራል? ከጀመዓውና ከግቢ ጉባኤው ማን ከማን ጋር ይነጋገራል? የስልክ ቁጥሮቹ ቀድመው ይጻፉ።

የሕግ ወሰኑንም አስረዱ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ነው የሚመለከተው። የሚያም ትችት ሁሉ የጥላቻ ንግግር አይደለም። ይህን ያልለየ አወያይ የሚያስፈልገውን ንግግር አፍኖ የማያስፈልገውን ያሳልፋል።

ከተማውን መርሳት

ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ነው፤ የሚታወቀውም በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው። ተማሪዎች ለሲቢቲፒ (በማኅበረሰብ ውስጥ ለሚሰጠው ሥልጠና) ወደ ቀበሌና ገጠር ሲወጡ፣ የጤና ተመራቂዎች ለቲቲፒ (ለቡድን ሥልጠና) በአንድ ጤና ጣቢያ ሲመደቡ፣ የተለያዩ ልጆች እርስ በርስ ይፈላለጋሉ። አፋን ኦሮሞ የሚችለው ያስተረጉማል፣ ሌላዋ መረጃውን ትመዘግባለች፣ ሌላው ሪፖርቱን ይጽፋል። ጎርደን ኦልፖርት የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎች በእኩልነት፣ ለጋራ ግብ፣ ተባብረው፣ በተቋም ድጋፍ ሲሠሩ ነው። እዚህ አራቱንም ማሟላት ይቻላል። ግን ቡድኑ ሲመደብ ጓደኛማቾች ራሳቸው ይመራረጡ ከተባለ ዕድሉ ይባክናል፤ ከመስክ ሲመለሱም ስለ ጤና መረጃው ብቻ ሳይሆን አብረው ስለ መክረማቸው የሚነጋገሩበት አንድ ሰዓት ይመደብ።

የከተማው ቤተሰቦችም አሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ ለመጡ ተማሪዎች የቃል ኪዳን ቤተሰብ በመስጠት የጀመረው ሥራ ጅማም ሊኖር የሚችል ነው። ከቤተሰቦቹ ጋር ግን ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ መመላለሻ ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በፎቶና በተሰብሳቢ ቁጥር መለካት

300 ሰው ተገኘ የሚል ሪፖርት ለቢሮ ይበቃል፤ ሥራውን ግን አያሳይም። የተማሪን ፊት ከተናገረው ጋር ለጥፎ ማሰራጨት ደግሞ አደጋ አለው፤ ቤተሰቡ ያለበት አካባቢ ያ ንግግር እንዴት እንደሚሰማ እናንተ አታውቁም። ስለዚህ ውይይት ውስጥ ካሜራ አይግባ፤ በክፍሉ የተባለው የአካል ጥቃት ዛቻ ካልሆነ በስተቀር ከክፍሉ አይውጣ። ይልቁንስ ሴሚስተሩ ሲጀምርና ሲያልቅ ስም በሌለው ወረቀት ጠይቁ፦ ከሌላ ብሔር ወይም ሃይማኖት ካለ ተማሪ ጋር አብረህ ታጠናለህ? ብትታመም ማን ወደ ክሊኒክ ይወስድሃል? ስንት ሰው እስከ መጨረሻው እንደ ዘለቀም ቁጠሩ፤ የቀሩትንም ለምን እንደ ቀሩ ጠይቋቸው።

አወያዮቹን ከተመራቂዎች ብቻ መምረጥም ፕሮግራሙን በየዓመቱ ከዜሮ ያስጀምረዋል። ከሁለቱ አወያዮች አንዱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይሁን፤ ከምረቃ በፊትም የስም ዝርዝሩ፣ የስምምነት ደንቡና የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሮቹ በጽሑፍ ይተላለፉለት።