ቃለ ተውኔት ምጣድ ዳር፦ ትወና ለምትጀምሪ እህቴ

ደብረ ብርሃን እየኖርኩ ትወና እሠራለሁ ስል መጀመሪያ የምጠየቀው «ስንት ይከፍሉሻል?» ነው። ቀጥሎ «ያን ሁሉ ቃል እንዴት ትይዢዋለሽ?» ይመጣል። ከሁለተኛው ልጀምር።

ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ስክሪፕት ማጥናት ለኔ አልሆነልኝም። የሆነልኝ ምጣድ ዳር ነው። መጀመሪያ ታሪኩን ለማወቅ ብቻ ሁለት ሦስቴ አነበዋለሁ። ከዚያ የኔን ሳይሆን የሌላውን ተዋናይ ንግግር በስልኬ እቀዳለሁ፣ ለኔ መልስ የሚሆን ክፍተት እየተውኩ። እንጀራ የምጋግር ቀን ስልኩን መደርደሪያ ላይ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ሊጡን አዙሬ አክንባሎውን ስከድን የኔ ተራ ይጀምራል፣ እንጀራው ሲወጣ ማለቅ አለበት። ከተደናቀፍኩ ያው ንግግር ለሚቀጥለው እንጀራ ይደገማል። መብራት ከጠፋ ጥናቱም ቀረ ማለት ነው። እጅሽ ሥራ ሲይዝ አፍሽ ማነብነቡን ይተዋል፤ ቀረጻ ላይም ቢሆን ቡና እየቀዳሽ ወይ ልብስ እያጠፍሽ ተናገሪ ነው የምትባይው።

በሩን ግን ዝጊ። አንዴ የልጇን መርዶ የምትሰማ እናት ሆኜ ስለማመድ ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ገባች። «ማን ነው? ማን ነው እቴ?» እኔ በእንባ፣ እሷ በእንባ፣ እንጀራው ከሰለ። ለማስረዳት ቡና ማፍላት ነበረብኝ። እሷ ግን እያለቀሰች፣ ሳይታወቃት፣ እጇ የፈሰሰውን ሊጥ ይጠርግ ነበር። ቀረጻው ላይ ያደረግኩት እሱን ነው።

ሌላው ጣጣ ብርዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ታሪኩ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው ተብሎ ቀረጻው እዚሁ ሲሆን በስስ ቀሚስ ቆመሽ «ኧረ ሙቀቱ!» ስትዪ ከአፍሽ እንፋሎት ቡልቅ ይላል። ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ወይ በረዶ አፍሽ ውስጥ ትንሽ ያዝ አድርጊና ትፊው። ትንፋሽሽ ስለሚቀዘቅዝ ለጥቂት ጊዜ እንፋሎቱ አይታይም። ጥርስሽ ይንገጫገጫል እንጂ ይሠራል።

ትዕይንት አብዛኛውን ጊዜ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ ተከታዩ ትዕይንት ሌላ ቀን ሲቀረጽ መልክሽ ካለፈው ጋር መመሳሰል አለበት። ስለዚህ ሹሩባሽንና የነጠላሽን አጣጣል በስልክ ፎቶ አንሺው።

የገጠር ሴት ሁኚ ሲሉሽ አታጋንኚ። እናትሽን አስቢያት፣ እንደዚያ ትጮሃለች እንዴ? «ከዚያ አገር ተዋናይ ይወጣል?» ለሚልሽ ደግሞ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የኛው ሰሜን ሸዋ፣ የተጉለት ሰው ናቸው በይው።

አሁን ወደ ክፍያው። አንዴ «ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ሲያልቅ» ተብዬ በቃል ተስማማሁ። ፊልሙ አለቀ፣ ታየም፣ ስለ ግማሹ ግን ስልክ የሚያነሳልኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ያለ ጽሑፍ ውል ከቤቴ አልወጣም። ውሉ ላይ የቀረጻውን ቀን ብዛት፣ ቀኑ ካለፈ የሚጨመርልሽን፣ ትራንስፖርትና ማደሪያሽን አስጽፊ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ «ጨርሰናል፣ ሂጂ» ቢሉሽ የት ታድሪያለሽ? የመጨረሻው ክፍያ ከመጨረሻው የቀረጻ ቀን በፊት እጅሽ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ የሚፈልጉሽ ጉዳይ የለም።

መታወቅ ስትጀምሪ ደግሞ የሽንኩርት ዋጋ ይጨምርብሻል። ገበያ ላይ በገጸ ባሕርይሽ ስም ይጠሩሻል፣ «አንቺማ የቲቪ ሰው ነሽ፣ ምን ጎደለሽ» ብለው ኪሎው ላይ ጣል ያደርጋሉ። እኔ አሁን ጥግ ቆሜ ታናሽ እህቴን ነው የምልካት።