እስስት በመስታወት ሳጥን ውስጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የመጀመሪያዋን እስስቴን የገዛኋት ከነቤቷ ነው። «ቤት» ካልነው። ዓሣ የሚኖርበት ረጅም አኳሪየም ነበር። ከላይ ክዳን፣ ከታች አሸዋ፣ ጥጉ ላይ የውሃ ሳህን። ሻጩ «ይበቃታል» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። በ3ኛው ቀን አፏን ከፍታ፣ ገርጥታ፣ አንዲቷ እንጨት ላይ ተለጥፋ አገኘኋት። ታማለች ብዬ ስሯሯጥ ዋልኩ። ለካ ችግሩ ከሳጥኑ ነው።

እስስት ሲከፋት አትጮህም። ግን እያንዳንዱ ምልክቷ የሳጥኑን አንድ ጥፋት ይጠቁማል። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስተን ወደ ሳጥኑ እንሂድ።

ከሁሉ በፊት ግን ለኩ። 2 ዲጂታል ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሚያሞቃት አምፖል ስር ያለው ቅርንጫፍ ላይ፣ ሌላው ታች። አንድ የእርጥበት መለኪያም ጨምሩ። በእጅ ዳብሶ «ሞቅ ይላል» ማለት መለካት አይደለም። ለየመኗ ዝርያም ሆነ ፓንተር ለምትባለው የማዳጋስካር እስስት መሞቂያው ቅርንጫፍ ላይ ከ28 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል፤ ለሴቶች 27 አካባቢ ይሻላል። ሌላው ቦታ ከ22 እስከ 26 ይሁን። ሌሊት ከ20 በታች ቢወርድ አትደንግጡ፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

አፏን ከፍታ ትውላለች፣ ቀለሟም ገርጥቷል

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አምፖሉን አጥፉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አፏን ከዘጋች ሙቀት ነው። አምፖሉ ጠፍቶም፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓትም አፏን ከፍታ ራሷን ወደ ላይ ካንጋጠጠች፣ ስትተነፍስም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለ፣ የሳምባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ያን በሳጥን ጥገና አታድኑትም፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ቀለሟስ? እኛ አቋሙን የሚቀያይርን ሰው «እስስት» እንለዋለን። ምስኪኗ እስስት ግን በአብዛኛው ቀለሟን የምትቀይረው ለሙቀትና ለስሜቷ እንጂ ሰው ለማታለል አይደለም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት ቆዳዋ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ፤ እነሱ ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚታየው ቀለም ይለወጣል። ሲበርዳት ሙቀት ለመሰብሰብ ትጠቁራለች። ሲሞቃት ትገረጣለች። ቴርሞሜትራችሁ ቢሳሳት እንኳ ቆዳዋ ይነግራችኋል።

መንስኤው ቀላል ነው። አኳሪየም ውሃ እንዳያፈስ የተሠራ ነው፤ አየርም አያፈስም። ሞቃቱ አየር በላይ በኩል በትንሹ ይወጣል፣ በታች በኩል ግን የሚተካው የለም። ቁመቱም አጭር ስለሆነ ላይም ታችም እኩል ይሞቃል። እስስቷ ሲበቃት የምትሸሽበት ጥላ የለም።

መፍትሄው፦ አኳሪየሙን አቁሙት። እየቀለድኩ አይደለም። 90 በ45 በ45 የሆነውን የተለመደ አኳሪየም በጎኑ ስታቆሙት ቁመቱ 90 ሳንቲሜትር ይሆናል። ክፍት የነበረው አፉ ፊት ለፊት ይመጣል። ይህ ለሴት ወይም ለአነስተኛ እስስት ዝቅተኛው ልክ ነው። ከጅራቱ ጋር እስከ 60 ሳንቲሜትር ለሚደርሰው የየመን ወንድ እስስት ግን አይበቃም፤ ለእሱ 60 በ60 በ120 ያስፈልጋል። አኳሪየማችሁ ከ90 ካጠረ ደግሞ ድካሙን ተዉት፤ ሽጡትና ሌላ ሥሩ።

አሁን አንድ ወጥመድ አለ። ሲቆም ጣሪያ የሚሆነው ጠባቡ ጎን መስታወት ነው። መስታወት ደግሞ ዩቪቢ የሚባለውን፣ ለአጥንቷ የሚያስፈልጋትን የፀሐይ ጨረር ዓይነት አያሳልፍም። ስለዚህ ጓንት አድርጋችሁ መስታወቱን ያጣበቀውን ሲሊኮን በምላጭ እየሰነጠቃችሁ ያን መስታወት አውጡት። ስለቱን በፕላስቲክ ጠርዝ ሸፍኑት። በቦታው የብረት ወንፊት የተወጠረበት የእንጨት ፍሬም ግጠሙ። ሳጥኑ አንድ ጎኑ ስለተነሳ ይላላል፤ ስለዚህ ፊት ለፊትም ዙሪያውን የሚይዝ የእንጨት ፍሬም ሥሩለት። በሩ እዚያ ላይ በማጠፊያ ይንጠልጠል። ከበሩ ስር 15 ሳንቲሜትር ያህል ወንፊት ይሁን፣ በሩ ራሱ ግልጽ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛው አየር በታች ይገባል፣ ሞቃቱ በጣሪያው ይወጣል። የጭስ ማውጫ አሠራር ነው።

መሥራቱን እንዲህ አረጋግጡ። እስስቷን አውጡ፣ አምፖሉን ለ1 ሰዓት አብሩ። ከዚያ ክብሪት ጭራችሁ እፍ በሉና ጭሱን ታችኛው ወንፊት ላይ ያዙት። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ኮርኒሱ ሄደ፤ ቀዳዳው ጠቦ ነበር። አሰፋሁት። በሁለተኛው ክብሪት ጭሱ እንደ ክር ተጎትቶ ገባና ቅጠሎቹ መሀል ጠፋ።

ጠቁራለች፣ መስታወቱን ትቧጭራለች፣ እፍ ትላለች

የራሷን ምስል እያየች ነው። ሌላ እስስት መስሏታል። እስስት ብቸኛ ኑሮ የምትወድ ፍጥረት ናት፤ ጎረቤት አትፈልግም። ሁለት እስስት አንድ ቤት ማኖርም ለዚሁ ነው የማይሆነው። ጀርባውንና ሁለቱን ጎን ከውጭ በኩል በማያሳይ ወረቀት ወይም ላስቲክ ሸፍኑ። ሳጥኑ መሬት ላይ ከሆነም ጠረጴዛ ላይ ስቀሉት፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ለእሷ አዳኝ ነው። ከፍተኛው ቅርንጫፍ ከዐይናችሁ በላይ ሲሆን ትረጋጋለች።

ዐይኗ ጎድጉዷል፣ የኩሷ ነጩ ክፍል ብርቱካናማ ሆኗል

ውሃ ጠምቷታል። «ሳህኑ እኮ ሙሉ ነው» ትሉ ይሆናል። እስስት የቆመ ውሃን እንደ ውሃ አታየውም። የምትጠጣው ቅጠል ላይ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ነው። ሳህኑን አውጡት።

ለጠብታ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የፕላስቲክ ኩባያ በመርፌ ብሱና ጣሪያው ወንፊት ላይ አስቀምጡት፤ ከስሩ ሰፊ ቅጠል ይሁን። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ከወደቀ በቂ ነው። የእኔዋ መጀመሪያ 20 ደቂቃ ያህል ዝም ብላ አየችው። አንድ ዐይኗ ጠብታውን፣ ሌላው እኔን ይጠብቃል። እኔ ከክፍሉ ስወጣ ነው የጠጣችው። ስለዚህ ቆማችሁ አትጠብቋት።

ከጠብታው በተጨማሪ ቅጠሎቹን ጠዋት መብራት ሳይበራና ማታ ከጠፋ በኋላ በውሃ ርጩ። ቀን ደረቅ፣ ሌሊት እርጥብና ቀዝቃዛ ነው ነገሩ። ቅጠሉ እውነተኛ ቢሆን ይመረጣል፦ ፖቶስ፣ ሸፍሌራ፣ ፊከስ። የየመኗ እስስት ቅጠል ትበላለች፤ ፕላስቲክም ብታገኝ ትገነጥላለች። አዲስ የተገዛ ተክል ፀረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል በደንብ እጠቡት።

መስታወቱ ሁልጊዜ ወርዝቷል፣ ታችኛው ክፍል ይሸታል

ይህ ቀኑን ሙሉ ከሆነ አደገኛ ነው። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲታፈኑ የሳምባ በሽታ ይጠራሉ። አሸዋውንና የእንጨት ፍቅፋቂውን አውጡ፤ ውሃ ይይዛል፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ ከምግብ ጋር ከተዋጠ ደግሞ ሆድ ይደፍናል። ወለሉን ባዶ ተዉት፤ ተስቦ የሚወጣ ሳህን አድርጉና በየቀኑ ድፉት። የአኳሪየሙን መስታወት ለፍሳሽ ልብሳ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ዓይነቱን አጣሩ። ቴምፐርድ የሚባለው መስታወት መሰርሰሪያ ሲነካው ሙሉ በሙሉ ይረግፋል።

እጅና እግሯ ተጣሟል፣ ቅርንጫፍ መያዝ ያቅታታል

አጥንቷ ካልሲየም አጥቷል። ያለ ዩቪቢ ቫይታሚን ዲ3 በቆዳዋ መሥራት አትችልም፤ ያለ እሱ ደግሞ የምትሰጧት ካልሲየም አይጠቅማትም። እዚህ ደረጃ ከደረሰች ሐኪም ያያት፣ ራጅም ትነሳ። የተጣመመው አጥንት እንደነበረ አይመለስም፤ የባሰው እንዳይመጣ ግን መብራቱን ዛሬውኑ አስተካክሉ።

ጠምዛዛዋን ትንሽ አምፖል ተዉና ረጅሙን ቲ-5 የዩቪቢ ቱቦ ግዙ፤ 5 ወይም 6 በመቶ የሚለውን። ወንፊቱ ጣሪያ ላይ አስተኙት። ከእስስቷ ጀርባ እስከ ቱቦው ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይሁን። መለኪያ ያለው ሰው ካገኛችሁ ቅርንጫፉ ላይ የዩቪ ኢንዴክሱ (የጨረሩ ጥንካሬ ልክ) 3 አካባቢ መሆን አለበት። ወንፊት ራሱ ከጨረሩ ሲሶ ያህሉን እንደሚያስቀር አትርሱ። ቱቦው ቢበራም ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ በዓመት አንዴ ይቀየር። በቀን 12 ሰዓት ይብራ፣ ሌሊት ድቅድቅ ጨለማ ይሁን። ቀይ አምፖልም ቢሆን እንቅልፍ ይነሳታል።

ጀርባዋ ላይ ጥቁር ወይም የተላጠ ቦታ አለ

ተቃጥላለች። እስስት አምፖል ሲያቃጥላት በጊዜ አይታወቃትም። አምፖሉ ከሳጥኑ ውጭ መሆን አለበት፤ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥላ የምትሞቅ ከሆነም አምፖሉን ከወንፊቱ ከፍ አድርጉት። እጃችሁን የጀርባዋ ቦታ ላይ 1 ደቂቃ አቆዩ፤ ካልተቻላችሁ እሷም አትችልም። ቁስሉን ሐኪም ይየው።

ጥፍሯ ተነቅሏል፣ አፍንጫዋ ተልጧል

ይህ ከመስታወት ይልቅ በወፍ ጎጆና በወንፊት ቤት ይብሳል። ወንፊቱን የምትወጣው ሌላ መንገድ ስላጣች ነው። ቅርንጫፍ አብዙ፦ ቀጭንም ወፍራምም፣ አብዛኛው አግድም የሆነ። ስትጨብጠው ጣቶቿ ዙሪያውን ሳይገናኙ የሚቀሩበት ውፍረት ይመቻታል።

ሴቷ ወለሉን ትጭራለች

የየመን ሴት እስስት ወንድ ባታይም እንቁላል ትጥላለች። የምትቆፍርበት ካጣች እንቁላሉ ውስጧ ቀርቶ ሊገድላት ይችላል። 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ውስጥ ታጥቦ የረጠበ አሸዋ ሙሉ፤ በጣት ሲቆፈር የማይናድ ይሁን። በሩን በጨርቅ ጋርዱ። ሰው ካየች ጉድጓዱን ትታ ትወጣለች። ዐይኗን ጨፍና ወለል ላይ ከተኛች ግን ጊዜ የለም፤ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ቤቱ ከታደሰ በኋላ 2 ወይም 3 ቀን ላትበላ ትችላለች። ቅጠል ውስጥ ትደበቃለች፤ አትነካኩባት። ያልተበሉትን ፌንጣዎች ማታ ማታ ሰብስቡ፤ ሌሊት እሷን ይነክሷታል። መብራቱ ከጠፋ ከ1 ሰዓት በኋላ በደካማ ባትሪ አንዴ ብቻ እዩአት። የእኔዋ በ4ኛው ሌሊት ከላይኛው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ጅራቷን ጠቅልላ፣ ነጣ ብላ። የድሮው ሳጥን ውስጥ አንድም ቀን እንዲያ ተኝታ አላየኋትም።