ለመምረጥ ስትመዘገቡ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

መጀመሪያ የምዝገባውን ማብቂያ ቀን እዩ። ብዙ ቦታ ከድምፅ መስጫው ቀን ሳምንታት ቀድሞ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ብትለምኑም የሚሰማችሁ የለም። ጀርመንና ስዊድን ያሉ ዜጎች ከነዋሪዎች መዝገብ በቀጥታ ወደ መራጮች ዝርዝር ስለሚገቡ ማመልከት አይጠበቅባቸውም (ታድለው!)፣ በሌሎች ብዙ አገሮች ግን መራጩ ራሱ መመዝገብ አለበት። ዕድሜ በአብዛኛው አገር 18 ነው፣ ኦስትሪያ 16።

ዋናው ጣጣ መታወቂያው ነው። ማንነታችሁን፣ ዜግነታችሁን፣ ዕድሜያችሁንና የምትኖሩበትን ቦታ ማሳየት አለባችሁ። ፓስፖርት ብዙውን ይሸፍናል፣ አድራሻ ላይ ግን አይረዳም፤ ስለዚህ በስማችሁ የመጣ የመብራት ወይም የውሃ ቢል አለዚያም የቤት ኪራይ ውል ያዙ፣ መታወቂያውም ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን ቀድማችሁ አስተካክሉ።

ተመዝግባችሁ ስትጨርሱ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ስማችሁ ልክ እንደ መታወቂያው መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፣ የምትመርጡበትንም ጣቢያ ጠይቁ።