አዲስ ፊልም አይቶ ሚዛን የሚደፋ ሂስ እንዴት ይጻፋል?

ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣችሁ አዲስ ስለወጣ ፊልም ብትጠይቁ መልሱ ከሁለት አያልፍም። "ይመቻል" ወይም "ይደብራል"። የሚጠይቀው ሰው ግን ትኬት ሊቆርጥ ነው። ወይም ዳታ ገዝቶ ቤቱ ሊያይ ነው። ምኑ እንደሚመች፣ ምኑ እንደሚደብር ማወቅ ይፈልጋል። ሂስ የሚጻፈው ለዚህ ሰው ነው። ለመጻፍ ደግሞ አዲስ አበባ መኖር የግድ አይደለም። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም ተቀምጦ ይጻፋል። እንዲያውም የወሎ ተመልካች ሌላው የሚያልፈውን ነገር ይይዛል። ወደ እሱ ስንደርስ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፦ የት እንዳያችሁት አስቡ

ሲኒማ ቤት የታየና ስልክ ላይ የታየ ፊልም አንድ አይደለም። ሌሊት የተቀረፀ ትዕይንት አዳራሽ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ያው ትዕይንት በጠራራ ፀሐይ ስልክ ላይ ሲታይ ጥቁር ብቻ ይሆናል። የስልክ ድምፅ ማጉያም ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። ስለዚህ "ቀረፃው ጨለማ ነው፣ ድምፁ ሳስቷል" ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ቴሌቪዥን ላይ ሞክሩት። ካልሆነም ማታ መብራት አጥፍታችሁ ኢርፎን ሰክታችሁ እዩት። ከዚያ በምን እንዳያችሁት ጽሑፉ ላይ በአንድ መስመር ግለጹ።

ሲኒማ ቤት የገባ ሰው አዳራሹንም ያዳምጥ። እናት ልጇን ስትቀብር ተመልካቹ ከሳቀ አንድ የተበላሸ ነገር አለ። ምን እንደሆነ መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው። ቤቱ ሆኖ የሚያይ ደግሞ እያሳለፈ ያየበትን ደቂቃ ይጻፍ። እጃችሁ ሳታስቡት ስክሪኑን የነካበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ የላላበት ነው።

ቀጥሎ፦ ሁለቴ እዩ፣ ያያችሁትን ጻፉ

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተመልካች እዩ። ማስታወሻ አትያዙ። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ሁለተኛ ትኬት መግዛት ካልተቻለ ከአዳራሹ እንደወጣችሁ፣ ከጓደኛ ጋር ከማውራታችሁ በፊት፣ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የጓደኛ አስተያየት ቶሎ ይጋባል።

ደብተሩ ላይ "ትወናዋ አሪፍ ነው" ብላችሁ አትጻፉ። እንበል አንዲት እናት የልጇን መርዶ የምትሰማው ስኒ እያጠበች ነው። አልጮኸችም። አጥባ ያስቀመጠችውን ስኒ አንስታ እንደገና ታጥበዋለች። ይህንኑ እንዳለ አስፍሩት። አንባቢው ትወናው ጥሩ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል።

በአገራችን ፊልም የቡና ትዕይንት አይጠፋም። ቡና ደግሞ ለወሎ ሰው የሚያስተምሩት ነገር አይደለም። ስለዚህ ጠበቅ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ስኒው ውስጥ ቡና አለ? ባዶ ስኒ የያዘ ተዋናይ እጁ ስለሚቀልለው ያስታውቃል። ሲቀዳ እንፋሎት ይታያል? አቦል ሲጠጣ በመስኮት የገባችው ፀሐይ በረካ ላይ የት ደረሰች? ቶናውም በረካውም ተጠጥቶ ጥላው ከቦታው ካልተነቃነቀ ፊልሙ ጊዜ መሄዱን ረስቷል። ትንሽ ነገር ልትመስል ትችላለች። ግን ይህችን የረሳ ዳይሬክተር ትልቁንም የረሳበት ቦታ ይኖራል፤ ፈልጉት።

ወሎ ሲጠራ ጆሯችሁን ስጡ

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ሂስ ከሌላው የሚበልጠው። ወሎ ፊልም ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በር ነው። አንደኛው ቆንጆ ሴት ናት። ሁለተኛው በየአረፍተ ነገሩ "አብሽር" እያለ የሚያስቅ ሰው ነው። ሴቲቱ ቆንጆ ከመሆኗ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ምን ያስፈራታል? ምን ሠርታ ትኖራለች? ፊልሙ መልስ ከሌለው ይህን በግልጽ ጻፉት። ውበታችን ሲወደስ ደስ ይላል። ገፀ ባህሪ ግን በመልክ ብቻ አይቆምም።

"አብሽር"ን የወሎ ሰው የሚለው የተከፋ ሰው ፊት ሲቆም ነው። ከባድ ቃል ነው፤ ማጽናኛ ነው። የሳቅ ማጣፈጫ ሲደረግ የሚያመው ለዚህ ነው። ተዋናዩ ለማን፣ በምን ሰዓት እንዳለው ጻፉ።

ቦታውንም መርምሩ። ደሴ ደጋ ነው፤ ባቲ ቆላ ነው። ባቲ ላይ በቀትር ጋቢ ተከናንቦ የሚሄድ ወጣት ካያችሁ አልባሳት የመረጠው ሰው አገሩን አልጠየቀም። የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ነው። ካሜራው ገበያውን እያሳየ ከአማርኛ ሌላ ድምፅ ካልተሰማ እውነቱ ጎድሏል።

ሙዚቃውም እንደዚሁ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው። ተራራ በታየ ቁጥር ዋሽንት መልቀቅ ግን ሥራ አይደለም። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ያንን ትዕይንት ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ሐዘኑ ከጠፋ ሲያስለቅሳችሁ የነበረው ዜማው ነው፤ ተዋናዩ አልነበረም። ይህ ቤቱ ሆኖ ለሚያይ ብቻ የተፈቀደ ዕድል ነው፣ ተጠቀሙበት።

እውነታውን አጣሩ

የዳይሬክተሩን፣ የደራሲውንና የተዋናዮቹን ስም ከፊልሙ መጨረሻ ላይ ገልብጡ። ፖስተር ላይ የተጻፈ ሽልማትንም አጣሩ። ለምሳሌ የኃይሌ ገሪማ ፊልም "ጤዛ" እ.ኤ.አ. በ2008 ከቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ይዞ የመጣው የዳኞችን ልዩ ሽልማት ነው፤ የፌስቲቫሉ ዋና ሽልማት የሆነው ወርቃማው አንበሳ አይደለም። በ2009 ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ በአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫሉ በፌስፓኮ ግን ዋናውን ሽልማት ወስዷል። ሁለቱን ማምታታት ፊልሙንም አንባቢውንም ይበድላል።

የውጭ ፊልም ከሆነ ሰዎች ሂስ የሚሰበስበውን ድረ ገጽ፣ የሮተን ቶሜቶስን ቁጥር ይጠቅሳሉ። 90 ከመቶ ማለት ፊልሙ ከመቶ 90 አገኘ ማለት አይደለም። ከመቶ ሃያሲያን 90ው በጎ አስተያየት ሰጡ ማለት ነው። ሁሉም "ደህና ነው" ብቻ ቢሉ ፊልሙ መቶ ከመቶ ሊያገኝ ይችላል። ሌላው ድረ ገጽ ሜታክሪቲክ በበኩሉ የሃያሲያኑን ነጥብ አማካይ ያወጣል። ቁጥሩን ስትጠቅሱ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። የተሻለው ግን የራሳችሁን እስክትጨርሱ ድረስ የሌላውን ሂስ አለማንበብ ነው።

አሁን ጽሑፉ

አራት መቶ ቃል አካባቢ ይበቃል። ፍርዳችሁን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀምጡ፤ አንባቢን አታንከራቱ። ታሪኩን እስከ ሲሶው ድረስ ብቻ ንገሩ። ማን ሞተ፣ ማን ከዳ፣ ልጁ የማን ነው የሚሉትን ተዉለት፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ለእነሱ ነው። ከዚያ ሁለት ትዕይንት ምረጡ። አንዱ የተሳካ፣ አንዱ ያልተሳካ ይሁን። ስለ ሁለቱ በደንብ መጻፍ ስለ ሁሉም ነካ ነካ ከማድረግ በእጅጉ ይሻላል።

ከባዱ ይሉኝታ ነው። ፊልሙን የሠራው የአገር ልጅ ይሆናል። ምናልባት ምረቃው ላይ ጠርቷችሁ ፊት ወንበር አስቀምጧችኋል። ተጋብዛችሁ ከገባችሁ ወይም ሰውዬውን የምታውቁት ከሆነ ጻፉት። አንባቢው አውቆ ይመዝን። ድክመቱን ስትነግሩት ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሰውየው አትናገሩ። "ካሜራው ሦስት ደቂቃ ሙሉ ከበሩ አልተነቃነቀም" ቢባል ለሚቀጥለው ሥራው ይጠቅመዋል። "ቀሽም ዳይሬክተር" ብሎ መጻፍ ግን ስድብ ነው።

ከአዳራሹ በስልክ ቀርፃችሁ ቁራጭ አትለጥፉ። ያ የሰው እንጀራ ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው የለቀቁትን ማስታወቂያ ተጠቀሙ።

ከወራት በኋላ ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ እንደገና እዩት። ሐሳባችሁ ከተለወጠ የድሮውን አትሰርዙ። ከሥሩ ቀኑን ጽፋችሁ፣ ምን እንደለወጣችሁ በሁለት ሦስት መስመር ጨምሩበት።