ማይግሬን ያለበት ታዳጊ በስልኩ ራሱን እንዲከታተል እንዴት ማገዝ ይቻላል

ልጄ ማይግሬን እንዳለባት ሲነገረን 13 ዓመቷ ነበር። በዚያው ማታ ኢንተርኔት ላይ ተጥጄ አመሸሁና በማግስቱ 22 ጥያቄ ያለበት ሰንጠረዥ ስልኳ ላይ ላክሁላት። ምን በላሽ? ስንት ሰዓት ተኛሽ? ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሽ? ማን አናደደሽ? ሦስት ሳምንት ቀጥ አድርጋ ሞላች። እኔም ኮራሁ። በአራተኛው ሳምንት እሁድ ማታ ክፍሏ ስገባ የሰባቱን ቀን ባንዴ እየሞላች ነው። ቀና ብላ "አባዬ፣ ማክሰኞ ምን ነበር የበላሁት?" አለችኝ።

የሦስት ሳምንቱም መረጃ እንደዚያው የተሞላ ነበር። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ስንሞክር ስንተው የደረስንበት መንገድ ይኼ ነው።

1. መጀመሪያ ሐኪም

አፕ በሽታ አይለይም። የታዳጊዎች ማይግሬን ከአዋቂዎቹ ትንሽ ይለያል፤ ብዙ ጊዜ የሚያማቸው በአንድ ወገን ሳይሆን በሁለቱም በኩል ነው። ሕክምና ካላገኘ ከ2 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ግራ መጋባት፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ሕመም፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ቀስቅሶ የሚያስመልስ ሕመም ካለ ስልኩን አስቀምጡና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

2. አፑን ልጁ ይምረጥ

የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ በአንድ አውራ ጣት፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መሞላት አለበት። ባለ ብዙ ቀለም ግራፍ የሚስለው፣ የአየር ግፊት የሚተነብየው፣ በየሁለት ሰዓቱ "እንዴት ነሽ?" እያለ የሚጮኸው አፕ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰለቻል። እኛ ሦስት አፕ ጭነን ሦስቱንም አጥፍተን በመጨረሻ የስልኳን ካላንደር ነው የያዝነው። አፕ ከመረጣችሁ ግን መረጃውን አውጥቶ ለሐኪም ማሳየት እንደሚቻልና ማን እንደሚያየው አረጋግጡ። የወር አበባ ቀን ጭምር ነው የምትጽፍበት። "ማይግሬንን ከሥሩ እንነቅላለን" የሚል ካያችሁ ሳታነቡ ዝጉት። ማይግሬን በአያያዝ ይቀላል እንጂ የሚነቅለው መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

3. አምስት ነገር ብቻ ይመዝገብ

ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ መቼ ለቀቀ፤ ከ10 ስንት ነበር፤ ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት ተወሰደ፤ ምን አስቀረ (ትምህርት፣ ጨዋታ፣ ጥናት)፤ አንድ መስመር ማስታወሻ፣ ካለ። ደህና የዋለችበት ቀንም "0" ይጻፍበት። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ቀጥሎ ይመጣል።

የሚሞላው ማታ ነው። በሕመሙ መሃል የስልክ ብርሃን ዓይን ይወጋል። ልጄ ሲጀምራት "ጀመረኝ" ብላ አንዲት ቃል ትልክልኛለች፤ ሰዓቱን ከመልእክቱ እንወስዳለን። ስልኩ ይገለበጣል፣ መጋረጃው ይዘጋል።

4. የሚያስነሳውን ነገር መፈለግ

ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ በደንብ ተሳስቻለሁ።

አንድ ቀን ማስታወሻውን ሳገላብጥ ከስምንት የራስ ምታት ቀናት በስድስቱ ዋዜማ ቸኮሌት በልታለች። አገኘሁት! ቸኮሌት ከቤታችን ታገደ። ሁለት ወር ሙሉ። ራስ ምታቱ ግን ፍንክች አላለም። እሷ ደግሞ ተደብቃ መብላት ጀመረች። ተደብቃ የበላችውን ታዲያ ማስታወሻው ላይ አትጽፍም፤ ስለዚህ ቸኮሌቱም መረጃውም ከእጄ ወጣ።

ያስረዳችን አንዲት ነርስ ናት። ማይግሬን የሚጀምረው ራስ ማመም ሲጀምር አይደለም። ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሁለት ቀን በፊት አንጎል ውስጥ ተነስቷል። ያኔ ሰው ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ አንገቱን ይይዘዋል፣ ጣፋጭ ያምረዋል። ቸኮሌቱን ያስበላት የጀመረው ማይግሬን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ብርሃንም እንደዚሁ ነው። "መብራቱ አሳመመኝ" የሚል ልጅ፣ ሕመሙ ቀድሞ ጀምሮት መብራቱን መቋቋም አቅቶት ሊሆን ይችላል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ ደህና የዋለችባቸውን ቀናት ቆጠርኩ። ቸኮሌት በልታ ምንም ያልሆነችባቸው 14 ቀናት ነበሩ። "0" ባንጽፍ ኖሮ ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር።

እንግዲህ ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ ማንንም አትክሰሱ። የጠረጠራችሁትን ነገር ካገኛችሁም አንዱን ብቻ ቀይሩ፤ አምስቱን ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የቱ እንደረዳ አታውቁም። ብዙ ጊዜም አንድ ነገር ብቻውን አያስነሳውም፤ ተደራርቦ ነው። እኛ ቤት የወጣው ነገር የቅዳሜ እንቅልፍ ነበር። ዓርብ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ፣ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን እንቅልፍ፣ ቁርስ የለም። ላይዋ ላይ የወር አበባዋ ከደረሰ ደግሞ አለቀ። አሁን ቅዳሜ ከሌላው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይታ አትነሳም። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ቁጥሩን ያየችው ራሷ ባትሆን ኖሮ አትሰማኝም ነበር።

ምንም የሚያስነሳ ነገር ያልተገኘለት ልጅም አለ። ያ የማንም ጥፋት አይደለም።

5. ኪኒን መቁጠር

ማስታወሻው ሌላ ምንም ባይጠቅም ለዚህ ብቻ ይያዝ። ማስታገሻ ሲበዛ እሱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉት በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባሉት የማይግሬን ማስታገሻዎች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር አልፈው ከተወሰዱ አደጋው ይመጣል። እኔ "በሳምንት አንዴ ሁለቴ ነው የምትወስደው" ብዬ እምል ነበር። ሲቆጠር በወሩ 16 ቀን ወጣ። አንዱ ከእኔ፣ አንዱ ከእናቷ፣ አንዱ ከጓደኛዋ ቦርሳ።

በሌላ በኩል፣ ሲያስፈልግ የሚወሰደው ቶሎ ነው፤ ሕመሙ ገና ሳይከር፣ ሐኪሙ ለክብደቷ ባዘዘው መጠን። "ትንሽ ልታገሰው" ማለት መድኃኒቱን ያደክመዋል። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አይሰጥም።

6. በኦንላይን የሚሰጡ ልምምዶች

ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ጡንቻን አጥብቆ መልቀቅ፣ "ነገ ፈተና ላይ ቢነሳብኝስ?" የሚለውን ሐሳብ መያዝ። ቀልድ ይመስላል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆኑ፣ ሥር የሰደደ ማይግሬን ያለባቸው (በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሳቸውን የሚያማቸው) 135 ልጆች ተመሳሳይ መድኃኒት እየወሰዱ ነበር። ይህን ዓይነት ሥልጠና የጨመሩት በወር ወደ 11 ቀን ያህል ራስ ምታት ሲቀንስላቸው፣ ስለ ራስ ምታት ትምህርት ብቻ ያገኙት ወደ 7 ቀን ቀነሰላቸው። ይህ ሥልጠና ከባለሙያ ጋር ነበር፤ ብቻዋን ከስልክ የምትማር ልጅ ያንኑ ያህል ትጠብቅ ማለት አይደለም።

ልምምዱ የሚሠራው ደህና በሆነችበት ቀን ነው። ዋና የሚለመደው ጎርፍ ሲመጣ አይደለም። እኛ ከመኝታ በፊት 10 ደቂቃ፣ በድምፅ ብቻ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ።

7. ግሩፖች

"እኔም እንዳንቺ ነኝ" የሚል እኩያ ማግኘት ልጄን ከእኔ ምክር ሁሉ በላይ አጽናንቷታል። ሕጋችን አንድ ነው፦ መድኃኒትና መጠን ከግሩፕ አይወሰድም።

8. ለሐኪሙ ማቅረብ

የሦስቱን ወር ቁጥር ከቀጠሮው በፊት አንድ ገጽ ላይ አሳጥሩት፦ የራስ ምታት ቀናት፣ የኪኒን ቀናት፣ የቀረ ትምህርት። ሃምሳ ገጽ የሚያነብ ሐኪም የለም።

ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ "ባለፈው ወር ስንት ቀን አመማት?" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ስምንት ልል አፌን ስከፍት እሷ ስልኳን አውጥታ "አምስት" አለች፤ ካላንደሩንም ከፍታ ለሐኪሙ አሳየችው።