ዕጣ ለወጣለት ሁሉ ቤት አይደርስም፦ ከአዲስ አበባ ልምድ ከተሞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ በተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ሰው ባለቤት ሆኗል። ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም የቤት ችግራቸውን ለመፍታት የሚነሱ ከተሞች የሚከተሉትን ባይደግሙ ይሻላል።

ድሃውን በሽያጭ ብቻ ለመድረስ መሞከር። በ20/80 ዕጣ የወጣለት ሰው 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን ለባንክ በየወሩ ይከፍላል። ጉሊት ቲማቲም ደርድራ የምትውል እናት ይህን ከየት ታመጣለች? ተበድራ ቅድመ ክፍያውን ብትሞላ እንኳ፣ ወርሃዊው ሲከብዳት ቤቱን አከራይታ ወደ ጭቃ ቤቷ ትመለሳለች። በሪፖርት ላይ ግን የቤት ባለቤት ተብላ ተቆጥራለች። ለእሷ የሚበጃት በአቅሟ የምትከራየው የመንግሥት ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች የመጡት የቀበሌ ቤቶች ጣሪያቸው እያፈሰሰም ቢሆን ድሃውን መሀል ከተማ ያቆዩት እነሱ ናቸው። ሲፈርሱ ምትካቸው የሚሸጥ ቤት ብቻ ከሆነ ነዋሪው የት ይግባ?

ሰውን ከእንጀራው ማራቅ። መርካቶ ተሸክሞ የሚያድር ሰው ከተማ ዳር ቤት ቢሰጠው የቀን ገቢው በታክሲ ያልቃል። ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅና ዕድሩም ከኋላው ይቀራሉ።

ዕጣን ያለ ገለልተኛ ቁጥጥር ማውጣት። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዟል። ለዓመታት የቆጠበ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ይመን?

ኪራይን በወረቀት ብቻ መቆጣጠር። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ደግ ነው። ግን አከራዩ «ውሉ ላይ አራት ሺህ እንጻፍ፣ ሁለቱን በእጅ ትሰጠኛለህ» ቢል ተከራዩ የት ሄዶ ይከሳል? ሌላ ቤት እስኪያገኝ ደላላ ሊለምን ነው። አቤቱታ ሲደርሰው ቶሎ የሚያጣራ ወረዳ ከሌለ አዋጁ ጥርስ የለውም።

ጎዳና ተዳዳሪን ማፈስ። ትልቅ ስብሰባ ሲቃረብ የተነሳ ሰው ብዙ ሳይቆይ እዚያው በረንዳ ላይ ይገኛል። ደግሞ ለቤት ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ መታወቂያ ሲጠይቅ ደግሞ የቤት ቁጥር አምጣ ይባላል። ወረዳዎች ከዚህ ቢጀምሩ ሲሚንቶም ብረትም አይፈጅባቸውም።