ቪኤስ ኮድ ሴቲንጌን አልሰማ አለኝ ለምትሉ

ኮድ መጻፊያው ኤዲተር ቪኤስ ኮድ አስቸግሯቸው ላፕቶፕ ይዘውልኝ የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የሚሉኝ አንድ ነው። «ሴቲንጉን ቀየርኩት፣ ግን አይሰራም።» ሪስታርትና አፕዴት ሞክራችኋል ብዬ ልጀምር።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ኤዲተሩን አጥፍታችሁ እንደገና አትጫኑ። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንጋችሁ የተቀመጠው አፕዳታ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ኤክስቴንሽኖቹም (ኤዲተሩ ላይ የምትጨምሯቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) ለብቻቸው ሌላ ፎልደር አላቸው። ፕሮግራሙ ሲጠፋ እነሱ እዚያው ይቀራሉ። የኢንተርኔት ፓኬጃችሁን ጨርሳችሁ ያንኑ ችግር መልሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ታብ 4 አልኩት፣ 2 ይሆንብኛል

በየሳምንቱ የማየው ይሄንን ነው። አንዲት የስራ ባልደረባዬ ግማሽ ቀን ለፍታበታለች። ታብ ሳይዝን (መስመሩ ወደ ውስጥ የሚገባበትን የባዶ ቦታ ብዛት) 4 አደረገች። ፋይሉን ስትከፍት ታች በቀኝ በኩል «ስፔስስ 2» ይላል። 8 አድርጋም ሞከረች። ወይ ፍንክች!

የመጀመሪያው ተጠያቂ ዲቴክት ኢንደንቴሽን የሚባለው ሴቲንግ ነው። ሳትነኩት በርቶ ነው የሚመጣው። ፋይሉ ሲከፈት ውስጡን ያያል። ቀድሞ በ2 ከተጻፈ በ2 ይቀጥላል፣ የእናንተን 4 ከቁብ አይቆጥረውም። አጠፋነው። አሁንም 2።

ፕሮጀክቱን የጀመረችው ከቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ መነሻ) ነበር። ውስጡ ስሙ በነጥብ የሚጀምር የቪኤስ ኮድ ፎልደር አለ፣ እሱም የራሱ ሴቲንግ አለው። የወርክስፔስ (የዚያ ፕሮጀክት ብቻ) ሴቲንግ የዩዘርን (የእናንተን አጠቃላይ) ይሽራል። እዚያም 4 አደረግነው። አሁንም 2!

በመጨረሻ የራሷን የዩዘር ሴቲንግ ፋይል ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ለጃቫስክሪፕት ብቻ ተብሎ በቅንፍ የተጻፈ ታብ 2 ተገኘ። ከሆነ ሰው ቴሌግራም ላይ ኮፒ ያደረገችው ነው። ለአንድ ቋንቋ ተለይቶ የተጻፈ ሴቲንግ፣ ዩዘር ላይ ቢሆን እንኳ፣ የወርክስፔሱን ጠቅላላ ሴቲንግ ያሸንፋል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። መስመሩን ስናጠፋው 4 ሆነ።

ስለዚህ እባካችሁ የሰው ሴቲንግ ፋይል እንዳለ አትገልብጡ። ምን እንደሚሰራ የገባችሁን መስመር ብቻ ውሰዱ። የተቀየረውን ለማየት ሴቲንግ መፈለጊያው ላይ የአት ምልክት (@) አስቀድማችሁ «ሞዲፋይድ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። የነካችሁት ብቻ ይወጣል። ሌላ ቦታም ተቀይሮ ከሆነ ከሴቲንጉ ስም አጠገብ ይነግራችኋል።

የቡድን ፋይል ላይ ግን ዲቴክት ኢንደንቴሽንን አታጥፉ። ፓይተን ከሆነማ በአንድ ብሎክ ውስጥ 2ና 4 ሲቀላቀል ኮዱ ጭራሽ አይሄድም።

ሴቭ ሳደርግ ሴሚኮሎኑ ይገባል፣ ይወጣል

ፎርማተሩ (የኮዱን አጻጻፍ የሚያስተካክለው) ፕሪቲየርና ኮዱን የሚፈትሸው ኢኤስሊንት እየተጣሉ ነው። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ያነሳል። ዲፎልት ፎርማተር ብላችሁ ፕሪቲየርን ምረጡ፣ ኢኤስሊንት ላይ ያሉትን የአጻጻፍ ህጎች አጥፉ። ፕሮጀክቱ የራሱ የፕሪቲየር ፋይል ካለው ኤዲተሩ ላይ የምትቀይሩት የፕሪቲየር ሴቲንግ አይሰራም። ፋይሉን ራሱን አስተካክሉ።

ኤክስቴንሽኑ አልነሳም

ፎልደሩ በሪስትሪክትድ ሞድ (አምናችሁ እስክትፈቅዱለት ኤክስቴንሽኖችን የሚገድበው) ተከፍቶ ይሆናል። የማታውቁት ሰው ኮድ ከሆነ ግን ሳታነቡት «ትረስት» አትበሉ።

ኤዲተሩ ተንቀራፈፈ፣ የትኛው ኤክስቴንሽን እንደሆነ አላወቅሁም

አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ቀኑን አትጨርሱ። ኮንትሮል ሺፍት ፒ ተጫኑ፣ ስሙን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ጥፋተኛውን ኤክስቴንሽን የሚፈልገውን ኤክስቴንሽን ባይሴክትን አስጀምሩ። ግማሹን አጥፍቶ ችግሩ እንዳለ ይጠይቃችኋል። ከዚያ የቀረውን ግማሽ። 40 ቢኖሯችሁ እንኳ 6 ዙር ገደማ ነው። አንድ ልጅ ስንት ኤክስቴንሽን አለህ ስለው አያውቅም ነበር፤ ለአንድ ቋንቋ ብቻ 3 ፎርማተር ጭኗል። የማትጠቀሙበትን አውጡት።

ሴቲንግ ፋይሉ ራሱ ቀይ በቀይ ሆነ

ከዎርድ ወይም ከቻት የተገለበጠ ከሆነ ትምህርተ ጥቅሱን እዩ። የተጠማዘዘውን ጥቅስ ጄሰን (ሴቲንግ ፋይሉ የሚጻፍበት ቅርጽ) አይቀበልም፣ ቀጥ ያለውን ነው የሚፈልገው። ሌላው እኛ አገር በደንብ የማየው የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጠፋ የተጻፈ ነጠላ ሰረዝ ነው። «፣» ለእኛ ኮማ ናት፣ ለጄሰን ግን አይደለችም። ዓይን ቶሎ አይለያትም፣ በተለይ ፎንቱ ትንሽ ከሆነ። ቀዩ የጀመረበት መስመር ላይ ሂዱ፣ ከሱ በላይ ያለውንም መስመር እዩ። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱና ምልክቱን አጥፍታችሁ በእጃችሁ ጻፉት።